በእናቴ ክንድ የተለኩ ቡጢዎች

እናቴ በሕይወቷ አንድም የቦክስ ውድድር አይታ አታውቅም ነበር። ሆኖም በከተማው ውስጥ የማን ቡጢ ከማን እንደሚበልጥ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እናቴ ስለሆነች አይደለም። አሰልጣኞቹ ራሳቸው ክርክሩ ሲከርባቸው የሚመጡት ወደ እሷ ነበር።

ሥራዋ የቡጢኞች መለማመጃ ጆንያ መጠገን ነው። ከጣሪያ በሰንሰለት የሚንጠለጠለውን፣ የሰው ቁመት የሚያህለውን፣ ቡጢኛ ሁሉ ሲደበድበው የሚውለውን ማለቴ ነው። የከተማው ሦስት የቦክስ ክለቦች ጆንያ ሲቀደድ እኛ ቤት ይመጣል። ከውጭ ወፍራም ሸራ ነው፤ ከውስጥ ልብስ ሰፊዎች የጣሉት ቁርጥራጭ ጨርቅ። እናቴ አፉን ትፈታና ቀኝ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ታስገባለች፤ ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች። የፊተኛው ክፍላችን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል። የጨርቁ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፣ አይወርድም፣ አይወጣም። እናቴ ክንዷን ቀብራ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ እዚህ ያለች አትመስልም። ልጅ ሳለሁ እሷን እያየሁ ስንት ጊዜ ወለሉ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደኝ አላውቅም።

የምትፈልገው ጓሉን ነው። ቡጢ ደጋግሞ ያረፈበት ቦታ ጨርቁ እየተጠቀጠቀ ይጠጥርና ጓል ይሠራል። ስም ያላቸው ቡጢኞች የየራሳቸው ጆንያ ስላላቸው ጓሉ የማን እንደሆነ ይታወቃል። እናቴ ዙሪያውን በመዳፏ ትዳስሰውና ትልቅነቱን ከባለቤቱ ኪሎ ጋር ታመዛዝነዋለች። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ከባዱ ሰው ከባድ ይመታል ብሎ ያልፋል፤ እሷ ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚደርሰውን ቡጢ ነበር የምትፈልገው።

በዚህ አሠራሯ ሲባጎ ሁለተኛ ወጣ። ሲባጎ ሃምሳ አንድ ኪሎ የሚመዝን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ንፋስ ሲነሳ ጓደኞቹ ክንድህን እንያዝልህ ይሉታል። መጋዘን የሚባለው ዘጠና አንድ ኪሎው ጭነት አራጋፊ ደግሞ ሰባተኛ ሆነ። ወሬው ሲደርሰው በበራችን በጎኑ ገብቶ ቆመ።

«እትዬ፣ እኔ ሰባተኛ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ትንሽ ቅነስ እንጂ» አለችው እናቴ፣ መርፌዋን ሳታቆም። «አሥር ኪሎ ብትቀንስ አራተኛ አደርግህ ነበር።»

ሳቀና ሄደ፤ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳቦ አልነካም ብለው ነገሩን።

ደረጃው በግድግዳችን ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ተጽፎ ነበር፤ ሃያ ሁለት ስም። አንደኛው ዝምተኛው የሚሉት ነው። ስልሳ ኪሎ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ የወንዝ ማዶው ክለብ ልጅ። የእሱን ጆንያ መጀመሪያ የዳሰሰች ቀን እናቴ ክንዷን ስታወጣ ፈገግ ብላ ነበር፤ ጥሩ ስፌት ስታይ ፈገግ እንደምትለው።

አንድ ሕግ ነበራት። ደረጃውን ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች፤ ጓሉ በየትኛው በኩል እንዳለ ግን ቢለምኗትም አትናገርም። ቡጢኛ የት መምታት እንደሚወድ ጆንያው ያሳብቅበታል። «አምኖኝ ነው የሰጠኝ» ትላለች፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔም ስልሳ ኪሎ ቡጢኛ ነበርኩ። ስሜ ግድግዳው ላይ የለም። ከዝምተኛው ጋር ሊያጋጥሙኝ ቀን ሲቆርጡ፣ ፎቶዬም በየአጥሩ ሲለጠፍ፣ ነገሩ ያንገበግበኝ ጀመር።

«እማዬ፣ እኔ ስንተኛ ነኝ?»

«ልጄን ከሰው አላወዳድርም።»

«እሺ፣ ልጅሽ ባልሆን?»

ተወኝ ብትለኝም ጨቀጨቅኳት። በመጨረሻ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አየችኝ። «ያንተን ጆንያ ከፍቼው አላውቅም» አለች። «ስድስት ዓመት ሆነው። አንድም ቀን ተቀዶ መጥቶ አያውቅም።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ሰው እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ እኔ ግን ምን እንዳደረግሁ አውቃለሁ፣ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። እሑድ ክለቡ ሲዘጋ መዶሻ በፎጣ ጠቅልዬ ገባሁ። ጆንያዬን ደረት በሚሆንበት ቦታ ስፌቱ እስኪፈነዳ ደበደብኩት። ሰኞ ተሸክሜ አመጣሁትና «ተቀደደ» አልኳት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

ክንዷን አስገባች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ወዲያውም ገለጠችው።

«ጠርዝ አለው» አለች። «እጅ ጠርዝ የለውም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ ግን አልተቆጣችም። ተነሥታ ጠመኔውን አነሣችና ከሃያ ሁለቱ ስም ሥር «መዶሻ» ብላ ጻፈች።

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ሁለት» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

«ለሁለት ኪሎ ይኼ ሁሉ? እንዲያውም አንደኛ ነው የሚገባው።» ስትስቅ ቆየችና ሳቋ መሃል ላይ ጠፋ። ከፊቴ ተቀመጠች። «ፈርቻለሁ» አለችኝ። «የዚያን ልጅ እጅ ነካክቼዋለሁ። ቅር ቢልህም ብትተወው ምናለ?»

«ፎቶዬ ተለጥፏል እኮ፣ እማዬ።»

ወደ ጓዳ ገብታ ለጥገና የመጣ አንድ ጆንያ ወለሉ ላይ እየጎተተች አመጣች፤ የዝምተኛው ነበር። አፉን ፈታች። «የሚመጣው ሰኞ ራሴ ሄጄ እንዳሳየሁህ እነግረዋለሁ» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። ነገረችውም። የእሱ ክለብ ጆንያዎቹን በሙሉ ከእሷ ወሰደ፤ ያ ግን በኋላ የመጣ ነው።

«ክንድህን አስገባ» አለችኝ። «ዓይንህን ጨፍን።»

አስገባሁ። መጀመሪያ ሙቀት ነበር፤ ፀሐዩ ሸራውን አሙቆታል። ከዚያ ጨርቅ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ልብስ ቁራጭ። ክንዴ የእኔ መሆኑ ቀርቶ በሌላ ሰው እንቅልፍ ውስጥ የሚሄድ መሰለኝ። ጭንቅላት በሚሆንበት ቦታ ጨርቁ ትናንት የገባ ያህል ልስልስ ነው። ወደ ታች ወረድኩ። እናቴ ትንፋሿን ይዛለች። በአንድ ጎን፣ የጎድን አጥንት በሚያልቅበት ከፍታ ላይ፣ ጣቶቼ ቆሙ። ጓሉ ሁለት እጅ ሙሉ ነበር። ብገፋው አይነቃነቅ፣ ብቧጥጠው አይፈረፈር።

«አየህ?» አለችኝ በለሆሳስ። «ጭንቅላት አይነካም። በግራ እጁ ነው፣ እዚህ ነው። የቀኝ ክንድህን ከዚህ ቦታ አታንሣ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ገጠምን። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት የጫማችንን ድምፅ ብቻ ነው። ዝምተኛው እንደ ስሙ ነው፤ ሲመታ እንኳ አይተነፍስም። ግራ እጁ ሲነሣ አየዋለሁ፤ ከሩቅ፣ በጣም ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ክንዴም እዚያው ይጠብቀዋል። ደጋግሞ ክንዴን መታው። በሦስተኛው ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ክንዴ ቀደም ብሎ ወረደ። ትንፋሼ ሁሉ ወጣና አዳራሹ ነጭ ሆነ። ግን አልወደቅኩም። በነጥብ ተሸነፍኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቀችኝም።

«በእግርህ መጣህ» አለች። «ሸሚዝህን አውልቅ።»

ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና መዳፏን ቀኝ ጎኔ ላይ አሳረፈች። እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። ቀስ ብላ ዙሪያውን ዳሰሰች፤ ያበጠው ቦታ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሲያመኝ ጥርሴን ነከስኩ፤ ሰማችኝ።

«ስንት ጊዜ ነው እዚህ ያገኘህ?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ?»

«አንድ ጊዜ።»

ዓይኗን ገለጠች። ግድግዳውን አየች፤ ሃያ ሁለቱን ስም፣ የስንት ዓመት ጨዋታዋን። እናቴ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አንድ ቡጢ ማለት ይኼ ነው እንዴ?» አለችኝ። «እኔ እኮ ጆንያ መስሎኝ ነው።»