ለአንጁሎ ስም እጁን ያወጣ የለም

ጋሽ አንጁሎ ዳልጮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤታችንን ዴስኮች የሠሩና የጠገኑ አናጺ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሶዶ ከተማ ያለ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ ሒሳብ አስተምርበታለሁ። እንደ እሳቸው ክርክር የሚወድ ሰው አላየሁም። ሚስማር ሲመቱ እንኳ ከሚስማሩ ጋር ይነታረካሉ።

በ2004 ዓ.ም. ሠራተኛው በየግሉ እንዲመርጥ ተጠየቀ። ለእርጅናችን ከደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ወደ መንግሥት ጡረታ ይግባ፣ ወይስ እንደ ድሮው በፕሮቪደንት ፈንድ ተይዞ ስንወጣ በአንድ ጊዜ ይሰጠን? በስብሰባው አዳራሽ ጋሽ አንጁሎ ብድግ አሉ።

«እኔ ለመንግሥት ገንዘብ አላስቀምጥም። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችንን ሲዘጉ በእጄ የላግኩትን አግዳሚ ወንበር ወስደው ቀበሌ አዳራሽ ደረደሩት። እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጠው ‹ንብረቱ የሕዝብ ነው› ብለው አስተማሩኝ!»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሳቸው ግን ያዩት እውነተኛውን እባብ ነበር። ቀጥለው የመስቀሉን ቁጠባ አነሡ። በሰፈራችን ለመስቀል ዓመቱን ሙሉ ይቆጠባል፤ ሴቶቹ ለቅቤ፣ ወንዶቹ ለበሬ። የወንዶቹ ገንዘብ ያዥ ጋሽ አንጁሎ ነበሩ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሳንቲም አልጎደለም።

«ይሄንን ማን አስተዳደረው? ሚኒስትር መጣ?»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። የመንግሥትን ጡረታ የመረጡት የወጥ ቤቷ እትዬ ፋና ብቻ ነበሩ። «እኔ ብር እጄ ከገባ ዘመድ ይጨርሰዋል» ቢሉ በእሳቸውም ሳቅን።

ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። የበሬ ቁጠባ የሚያምረው እኮ በአንድ ሰሞን ስለሚበላ ነው። እርጅና የአንድ ሰሞን ነገር አይደለም። ሒሳብ አስተማሪው እኔ ይህን ሳላሰላ ማጨብጨቤን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

ጋሽ አንጁሎ በ2014 ሥራ ሲለቁ ገንዘባቸውን ጠቅልለው ተቀበሉ። ማንም አልሰረቃቸውም፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ሳንቲሙ ከፈላቸው። ግማሹን ልጃቸው ማቲ ዲምቱ ከተማ ላይ ሱቅ ከፈተበት፤ ሱቁ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፤ ማቲም ራሱን እንኳ መቻል አቃተው። የቀረው ለባለቤታቸው ለሶፊ የኩላሊት ሕክምና ዋለ። ሶፊ አረፉ፤ ገንዘቡም አለቀ። ከዚያ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ሚስማሩን ስተው ጣታቸውን መምታት ሲጀምሩ ሥራ የሚሰጣቸው ሰው ጠፋ።

እትዬ ፋና በየወሩ ባንክ ይሰለፋሉ። ጡረታው ይበቃ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የት ይበቃል! ዘይት ከገዛሁ ጤፍ የለም፤ ጤፍ ከገዛሁ ዘይት የለም። ግን ይመጣል» አሉኝ።

እኔ ለመንግሥት ጥብቅና የምቆም ሰው አይደለሁም። የኑሮ ውድነቱ ያንን ጡረታ እንዴት እንደሚያመነምነው አያለሁ። ጋሽ አንጁሎ ግን የማይበቃም ቢሆን የሚመጣ ነገር የላቸውም።

ዘንድሮ ቀበሌው በሴፍቲኔት እርዳታ የሚደገፉ፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ሲመዘግብ የሰፈር ሽማግሌዎች ጋሽ አንጁሎን ሳይጠይቁ ስማቸውን አስገቡ። ጋሽ አንጁሎ በሰሙ ዕለት በቁጣ ቤቴ መጡ።

«ባሮክ፣ ስሜን ማን ጻፈ? እኔ ለማኝ ነኝ?»

ወንበር ሰጠኋቸው። ቁጣቸው ሲበርድ አንገታቸውን ደፉ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የምቀምሰው ቡና ብቻ ነው» አሉ። እራት አቅርቤላቸው አብረን በላን።

ደንቡ ስም ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ያዛል። «አቅም አለው፣ አይገባውም» የሚል ሰው እጁን ካወጣ ስሙ ተሰርዞ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«አንድ ሰው ተነሥቶ ‹አንጁሎ ባለሙያ ነው፣ ድሃ አይደለም› ካለ አመስግኜ ቤቴ እገባለሁ» አሉኝ። «ራቡን እችለዋለሁ።»

በስብሰባው ቀን ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ክራባት አስረው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ቁጥራችን ከመቶ በላይ ይሆናል። ከእሳቸው በፊት በተነበቡት ስሞች ላይ ጭቅጭቅ ነበር። አንዱን «ሻንቶ ላይ መሬት አለው» አሉት፤ አንዷን «ልጇ ዱባይ ናት» ብለው አሰረዟት። በእያንዳንዱ ተቃውሞ ጋሽ አንጁሎ ቀና ይሉ ነበር።

«አንጁሎ ዳልጮ» አለች ወረቀቱን የያዘችው የቀበሌ ሠራተኛ።

በደንቡ መሠረት ከመቀመጫቸው ተነሡ። የክራባታቸውን ቋጠሮ ነካ አደረጉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ተቃውሞ ያለው?»

ሁሉም ያውቃቸዋል። ግማሹ የተማረው እሳቸው በሠሩት ዴስክ ላይ ነው። እትዬ ፋና ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። እኔ እጄን ባወጣ ክብራቸው ይተርፋል፤ እሳቸው ግን ጦማቸውን ያድራሉ። እጄን ጉልበቴ ላይ ጫንኩት።

«ተቃውሞ ያለው?» አለች ልጅቷ ደግማ።

ጋሽ አንጁሎ በደከመ ዓይናቸው ከፊት ወንበር እስከ ኋላ አንድ በአንድ ፈለጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እጅ ወጥቷል እንዴ፣ ባሮክ? አይታየኝም» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አልወጣም፣ ጋሼ» አልኳቸው።