ከምሕረት ጆሮ ጀርባ የበቀለው ቀንድ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የተነሳችውን ፎቶ በስልኳ ስታስተካክል አየኋት። በአንድ ጣቷ ግራውን ገፋች፣ ቀኙን ገፋች፤ ዐሥራ አንድ ሰው ከነበረበት ፎቶ ውስጥ እሷ ብቻ ቀረች።

"ክሮፕ አደረግኩት እኮ ነው አባዬ። አሁን ዓይን የሚያርፍበት አገኘ።"

"ቀስ በይ" አልኳት። "በእንዲህ ያለ ቆረጣ አንቺም ሳትወለጂ ልትቀሪ ነበር።"

እንደ ልማዴ ያጋነንኩ መስሏት ሳቀች። ይቺኛዋን ግን አላጋነንኳትም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ጋሽ በቀለ ከሚባሉ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የቀለም ፊልም አዲስ አበባ ተልኮ ስለሚታጠብ፣ እኛ ጥቁርና ነጩን እዚያው ጨለማ ክፍላችን ውስጥ እናጥባለን። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አንዳችን ሐሳባችንን ስንቀይር ሌላችን መውጣት ነበረብን። ጋሽ በቀለ ምስሉን የሚያጎላውን ማሽን ከፍ ዝቅ እያደረጉ "ፎቶ እንደ ቤት ነው፤ አባወራው አንድ ነው። እሱን መሃል አድርግ፣ የቀረውን ቁረጥ" ይሉኛል። ትምህርቱ ገባኝ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ገባኝ።

ከዳምቦያ ወጣ ብሎ ጋሽ ሀንዲሶ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ምሕረት ሆሳዕና ስትማር ተዋውቀን ልቤን ወስዳዋለች። ሽማግሌ ልላክ ብል፣ አባትየው ካሜራ አንግቶ ለሚዞር ሰው ልጅ እንደማይሰጡ አስቀድመው ተናግረዋል። መስከረም ሊያልቅ ሲል ግን ራሳቸው አስጠሩኝ። ትልቁ ልጃቸው ደሳለኝ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። በእጁ ያሳደጋት ጥጃ አድጋ ወልዳለችና፣ እሷን በፎቶ ሊያሳዩት ፈልገዋል። ካሳመርኩት ደጃቸው ይከፈትልኛል፣ ካበላሸሁት በቃ ተዘጋ ብዬ ሄድኩ።

ጭቃው ጫማዬን ሦስት ጊዜ ዋጠው። እንሰቱ ዝናብ ጠግቦ ያብረቀርቃል። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበልኝ፤ ዳጣው ከማቃጠሉ የተነሳ ዘር ማንዘሬን እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩ። ከዚያ አሰለፍኳቸው፦ ጋሽ ሀንዲሶ ከነባርኔጣቸው ከኋላ፣ ላሚቱ ከነጥጃዋ መሃል፣ ምሕረት ገመዱን ይዛ፣ እናትየዋ እትዬ ማርታ ጠርዝ ላይ።

ጨለማ ክፍል ገብቼ ማሽኑን ሳበራ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የታየችኝ ምሕረት ብቻ ናት። ማሽኑን ከፍ፣ አሁንም ከፍ ሳደርገው ምስሉ እየገዘፈ ዳር ዳሩ ከወረቀቱ ውጭ ቀረ። ላሚቱ ወጣች፣ ጥጃዋ ወጣች፣ እትዬ ማርታ ወጡ፤ ከአባትየው ባርኔጣ ግማሹ ተረፈ። እንዲህ ያለ ፎቶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በአገሪቱ አልታተመም።

ይዤላቸው ስሄድ ጋሽ ሀንዲሶ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ፈለጉ።

"ላሚቱስ?"

"ጋሼ፣ ፎቶው ዓይን የሚያርፍበት እንዲኖረው ብዬ…"

"የማን ዓይን?"

ዓይኔ ወደ ምሕረት ሄደ።

"ይሄስ ምንድን ነው?" ጣታቸውን ከምሕረት ጆሮ ጀርባ አሳረፉት። እኔ ልብ አላልኩትም፤ የላሚቱ አንድ ቀንድ ሳይቆረጥ ቀርቶ ልጅቷ ራስ ላይ በቅሏል።

"ቀንድ ነው፣ ጋሼ።"

"ለወንድሟ፣ እህትህ ቀንድ አወጣች ብዬ ልላክለት? ሂድ። ላሚቱን ሳትይዝ እዚህ ግቢ እንዳትገባ።"

ምሕረት እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። "ከቆረጥክ አይቀር ቀንዱንም መቁረጥ ነበር" አለችኝ።

ሙሉውን አትሜ በማግስቱ አደረስኩ። ደጅ ላይ ተቀበሉኝ፤ ግባ አላሉኝም። ፎቶው በመንገደኛ እጅ ሄደ። እኔም ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልተኛሁም፤ ቀን ቀን ከማሸልበው በስተቀር።

በመጨረሻ አስጠሩኝ። ስደርስ ጋሽ ሀንዲሶ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ደሳለኝ ዳምቦያ ቴሌ አስጠርቶ በስልክ አነጋግሯቸው ነበር።

"ላሟን አየሃት ወይ አልኩት" አሉኝ። "እማዬ ለምን ከሳች? አለኝ። ስለ ላሟ አንድ ቃል አልተናገረም።"

እትዬ ማርታ ጎመን እየቀነጠሱ ሳቁ። "ምን ይገርምሃል? ይሄ ፎቶ አንሺ ምሕረትን አየ። አንተ ላምህን አየህ። እኔን ለማየት ደቡብ አፍሪካ መሄድ ያስፈልጋል።"

"ታመሽ ነበር እንዴ?" አሏቸው ጋሽ ሀንዲሶ ቀስ ብለው።

"ክረምቱን ሙሉ።"

ጋሽ ሀንዲሶ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። "ለካ ቆራጩ አንተ ብቻ አይደለህም። ሽማግሌዎችህን ላክ። ብቻ መጀመሪያ እሷን ሐኪም ቤት ላድርሳት።"

እትዬ ማርታ ታክመው ዳኑ፤ የልጅ ልጆቻቸውንም አሳደጉ። እኔ ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ የራሴ ፎቶ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሩ የማይቆርጠው ነገር የለም። ሙሽሮች መጥተው "ያንን ጥግ ላይ ያለውን ሰውዬ አውጣልን፤ ፎቶውን አበላሸው" ይሉኛል። እሺ ብዬ እቆርጥላቸዋለሁ፤ ገበያዬ ነው። ሙሉውን ግን ሳልነካው አስቀምጣለሁ። ያንን ሰውዬ የሚፈልግ ሌላ ሰው የሆነ ቦታ ይኖራል።