የሄደ ሰው ችካል

ከአውቶቡስ ተራ

ህዳር ነው፤ ገና አልነጋም። ስድስት ጋቢ በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ረዳቱ ከረጢቱን ወደ ጣራ ሊወረውር ሲል፣ “ቀስ በል፣ ሽልማት ነው!” አልኩት።

“ሽልማት ከሆነማ ከፍ ያለ ቦታ ይገባዋል” ብሎ ወረወረው።

የምሄደው አሶሳ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ፣ ቀርከሃ የለበሰ ኮረብታ አለ። በደርግ ጊዜ በሰፈራ አምባው ትምህርት ቤት ሳስተምር ይህ ኮረብታ በየበጋው ይቃጠል ነበር። የአካባቢው በርታዎችና ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች ተሰባስበው ከእሳት የሚጠብቀው ማኅበር ሲመሠርቱ እኔም አብሬ ነበርኩ። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው፤ ጉልበትና ገጀራ ብቻ። መንግሥት ሲለወጥ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩና ተለያየን። አሁን ክልሉ አዲስ ተቋቁሞ ቢሮ ሲከፋፈት፣ ማኅበሩም በነጻ የደከሙለትን ሰዎች በአደባባይ ላመስግን አለ። ሽልማቱን ገዝቼ እንድመጣም ላከብኝ።

ከስድስቱ ተሸላሚዎች አንዱ ይመር ነው፤ ከወሎ የመጣ ገበሬ፣ የድሮ ጎረቤቴ። ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ደርሶኛል። ወንድሙ የአባታቸውን መሬት ይዞ፣ “በዚህ በጋ ካልመጣህ ለሌላ አውለዋለሁ” ብሎ ልኮበታል አሉ። እውነቱን ለመናገር ከጋቢው ይልቅ ይህ ነው ያስነሳኝ። ይመር የሌለበት አምባ ምን ዓይነት አምባ እንደሚሆን ማሰብ አልፈለግኩም።

ነቀምቴ፣ ከዚያም ባምባሲ

አምቦን አልፈን፣ ባኮ ላይ ምሳ በልተን፣ ነቀምቴ አደርን። ጋቢ ለቆላ ሰው መግዛቴ የታወቀኝ እዚያው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ግን ምን ይደረጋል፣ ውኃ አንዴ ፈሷል።

በማግስቱ ጊምቢን፣ ነጆን፣ መንዲን እያልን ኮረኮንቹን ተያያዝነው። ዳቡስን ስንሻገር መስኮቱን ከፈትኩ። ሙቀቱ መጣ፤ አብሮትም የደረቀ ሣር ሽታ። የመጀመሪያ ደመወዜን የበላሁበት፣ ወባ የያዘኝ፣ ወጣት የነበርኩበት አገር ሽታ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ዓይኔን አይተው፣ “አቧራ ገባብህ?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ባምባሲ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት፣ “ኮቱ፣ ኮቱ! ና ቁጭ በል። አቧራውን በሻይ አውርደው” ብላ በርጩማ ሰጠችኝ። በአንድ ብር ሁለት ብርጭቆ ሻይና አንድ ዳቦ ቀመስኩ። ከመንገዱ ማዶ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ቆሟል፤ ማጨጃው ቀርቧል።

አሶሳ

ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የማንጎ ዛፎቹ እንደ ድሮው መንገዱን አጥልተውታል፤ ፍሬ ግን ገና ነው። አዲስ ነገር ቢኖር ታፔላው ነው። የድሮዎቹ ቆርቆሮ ቤቶች ሁሉ ቢሮ ሆነዋል፤ በየበራቸው ቀለሙ በቅጡ ያልደረቀ የክልሉ ስም ተጽፏል። ገበያው ዳር ቀዝቃዛ ከርከዴ ጠጣሁ። ያ ቀይ መጠጥ ጉሮሮዬን ሲያርሰው የት እንዳለሁ ያን ጊዜ ገና አመንኩ።

አምባው

ጠዋት በጭነት አይሱዙ ተጭኜ አምባው ገባሁ። ይመር ከሩቅ ለይቶኝ እየሮጠ መጣና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

“ያ መምህር! ወላሂ፣ ጠጉርህ ነጣ እንጂ አልተለወጥክም።”

ሚስቱ ዘይነባ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበች። ወሎ ሳለች ባሚያ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም ነበር፤ ከበርታ ጎረቤቶቿ ነው የተማረችው። በልተን ስንጨርስ፣ እውነት ልትሄድ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

“ልሄድ ነው” አለ መሬት መሬት እያየ። “ድሮ ሁላችንም የመንግሥት ነበርን፣ መምህር። አሁን አገሩ ባለቤት አገኘ፤ ደግ ነገር ነው፣ አልጠላሁም። እኔ ግን የማን ነኝ? እዚህ ሰፋሪ ነኝ። እዚያ ቢያንስ የአባቴ ልጅ ነኝ።”

“ያስከፋህ ሰው አለ?”

“ኧረ ማንም! ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ግን አትሂድ ያለኝም የለም።”

ዘይነባ ሳህኑን እያነሳች፣ “እኔ እሱ ባለበት ነኝ። ልጆቼ ግን ወሎን የሚያውቁት በወሬ ነው” አለች።

ምስጋናው

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። በርታዎቹ ዙምባራቸውን ይዘው መጡ፤ ከቅል የተሠራ ረጅም ጥሩንባ ነው። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ነው። ስንት ዓመት ሳልሰማው ኖርኩ!

ከቢሮ የመጡት ሰውዬ ረጅም ንግግር አደረጉ። ከዚያ ጋቢው ታደለ። በዚያ ሐሩር ስድስት ሰው ጋቢ ደርቦ ላቡ ሲንቆረቆር ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከተሸላሚዎቹ አንዷ፣ ሃዋ የሚሏት በርታ ባልቴት፣ ጋቢዋን ጠቅልላ ራሷ ላይ እንደ ጭነት ጫነችና ወደ እኔ ዞረች።

“መምህር፣ ጋቢ መጣ። ብርድ የት ቀረ?”

ይመር ተራው ሲደርስ ጋቢውን ተቀበለ። ከዚያ፣ “ጎረቤቶቼ፣ ይህ ሽልማት የመሰነባበቻ ሆነ። ከአጨዳ በኋላ ወደ አገሬ ልገባ ነው። ያስቀየምኳችሁ ካለ አፉ በሉኝ” አለ።

የእሳት ጠባቂዎቹ አለቃ አልመሃዲ፣ ጎልማሳ በርታ ነው፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ “ሰማን” አለ። ይመር አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔ ተናደድኩ። ሁልጊዜ እሳት በተነሳ ቁጥር ቀድሞ ለደረሰ ሰው “ሰማን” ብቻ?

ኮረብታው ላይ

በማግስቱ የጠረጋው ቀን ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ዝናቡ እንደ ቆመ በኮረብታው ግርጌ ዙሪያ ሣሩ ታጭዶ፣ ተጠርጎ፣ መሬቱ ይራቆታል። እሳት ሲመጣ የሚበላው አጥቶ እዚያ ይቆማል። መስመሩ ለየቤተሰቡ የተደለደለ ነው። በየድርሻው መጀመሪያ ችካል አለ፤ በችካሉ ጫፍ ባለቤቱ የሚያውቀው ጨርቅ ይታሰራል። አልመሃዲ በየዓመቱ በማለዳ ወጥቶ ጨርቁን ያድሳል።

ይመር ለመጨረሻ ጊዜ ላግዛቸው ብሎ ገጀራውን ይዞ መጣ። ከአልመሃዲ ድርሻ ቀጥሎ የእሱ ችካል አዲስ ጨርቅ ታስሮበት ቆሟል።

“አልመሃዲ፣ ትናንት ተናግሬያለሁ እኮ” አለ። “ይኼን ስለ ምን አሰርከው?”

“ሰማን። አንተ ሂድ፣ ችግር የለም። ችካል የሚነቀል ሰው ሲሞት ነው። አንተ ሞተ እንዴ?” አለ አልመሃዲ በተሰባበረ አማርኛው።

“አልሞትኩም።”

“የሄደ ሰው ችካል አይነቀልም። የወንድሜ ልጅ ሱዳን ገባ፤ ችካል አለ። እኛ ይጠርጋል።”

“እሱ የእናንተ ልጅ ነው” አለ ይመር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እኔ ሌላ ነኝ።”

አልመሃዲ ከይመር ድርሻ ቀጥሎ፣ ከዋርካው ሥር ወዳለው ችካል ጠቆመ። “ያ የማን ነው?”

“የመምህር ነዋ።”

እኔ ክው አልኩ። ከሄድኩ በኋላ ሌላ ሰው የተደለደለበት መስሎኝ ነበር።

“መምህር በርታ ነው?” አለ አልመሃዲ። “ማን ጠረገ?”

“እኔ” አለ ይመር።

“ማን አዘዘ?”

“ማንም። ጎረቤቴ አይደለም እንዴ? አንድ ቀን ይመጣል ብዬ ነው።”

“እኛም እንደዚያው ነው” አለ አልመሃዲ። “ትናንት የንግግር ቀን ነበር። የእኛ ንግግር ይኸ ነው። አንተ ሂድ፤ ያንተን እኔና ሃዋ ይጠርጋል። የመምህርንም ይጠርጋል።”

ሃዋ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። “እኔ ወገብ የለም! ግን ይጠርጋል። ሲጠርግ ደግሞ ይሳደባል።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይመር ግን አልሳቀም፤ በእጁ ፊቱን ሸፈነ። እኔም ሳላፍር አለቀስኩ። በየዓመቱ፣ አዲስ አበባ ተቀምጬ ያ ዘመን አለፈ እያልኩ በማዝንበት ጊዜ ሁሉ፣ እዚህ ስሜ ሳይነቀል ድርሻዬ ይጠረግልኝ ነበር።

ይመር ጎንበስ ብሎ ማጨድ ጀመረ። የራሱን ጨርሶ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ እኔ ድርሻ አለፈ። ገጀራውን ከእጁ ወሰድኩ። “ዛሬስ ለባለቤቱ ተው” አልኩት። ቀና ብሎ ቆሞ እስኪደክመኝ አየኝና፣ “ገጀራ አያያዝ ረስተሃል” ብሎ ከጎኔ ገባ።

መልስ

ስሳፈር ይመር ሊሸኘኝ አሶሳ ድረስ መጣ። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ፣ “አዲስ አበባ ስትገባ ወሎ ለሚሄድ ሰው መልእክት ስጥልኝ፤ ለወንድሜ ይድረስ” አለኝ።

“ምን ልበል?”

“መሬቱን እረሰው፣ ሐላል ነው በልልኝ። ይመር ድርሻ አለው፣ መምጣት አይችልም በለው።”

ቤቴ የገባሁት በሦስተኛው ቀን ማታ ነው። ሚስቴ የተላላጠ መዳፌን አይታ፣ “ሽልማት ልሰጥ ነው ብለህ አልነበር እንዴ?” አለችኝ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኳት። ሰውን ማመስገን ማለት ለሠራው መስጠት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የኮረብታው ሰዎች ግን ለሚመጣው ዓመት ቦታውን በመጠበቅ ያመሰግናሉ፤ ይህን አላውቅም ነበር።

በነጋታው ደሴ የሚሄድ ሰው ፈልጌ መልእክቱን ሰጠሁ። ለሚስቴም ከእንግዲህ ህዳር ላይ ቤት እንደማልገኝ ነገርኳት።