«ቤቶች!» ያልንበት ፎቅ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ ማንም አልታሰረበትም። አንዲት እናት በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ድምፅዋን ዝቅ እንድታደርግ ተጠይቃ እምቢ ያለችበት ታሪክ ነው፤ በቃ። ግን በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ የጓደኞቼ ማደሪያ ክፍል በር ላይ ቆሜ «ቤቶች!» ብዬ ስጣራ ሁሉም ሳቁብኝ። ብዕር ያስያዘኝ ሳቃቸው ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ነበር። በግቢያችን አምስት ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ፤ የአንዱ ሽሮ ሲንተከተክ የሌላው ልጅ ይርበዋል። ከላይ ከፒያሳ ኬክ ቤቶች የሚወጣው ሽታ እኛ ድረስ ይመጣ ነበር ብል ማጋነን ይሆናል፤ ለእኔ ግን ይሸተኝ ነበር። በር የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። ካንኳኳ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ነው። የእኛ ሰው ከግቢው መግቢያ ላይ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ ቀድሞ የሰማው፣ የየትኛውም ቤት ሰው ይሁን፣ «ደጆች!» ብሎ ይመልሳል። ያኔ ይገባል። እኛ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ስንዘል እንኳ በአንድ እግራችን እንደቆምን «ደጆች!» እንል ነበር።

አራተኛ ክፍልን ስጨርስ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተደረገበት። እማዬ ጨርቅ አርጥባ ልታጠፋው ሞከረች፤ ቀለሙ ተዛምቶ ባሰበት። በሰኔ መጨረሻ ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ገባን። የግቢያችን ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ። ሰዎች «ተፈናቃዮች» ሲሉን እማዬ ትቆጣ ነበር። «ምን ተፈናቀልን? አፋችንን ይዘን መጥተናል!» ትላለች።

አዲሱ ቤት ሲሚንቶና ቀለም ይሸታል። በሩ ሁሉ ብረት ነው፤ ሁሉም ተዘግቷል። በመጀመሪያው ሳምንት እማዬ ለጎረቤት ልታዳርስ በሰሐን ቆሎ ይዛ ወጣችና ደረጃው ላይ ቆማ «ቤቶች!» አለች። ድምፅዋ ከታች እስከ ላይ አስተጋባ። «ደጆች» ያለ የለም። ከሁለተኛ ፎቅ ግን አንድ በር በጠባቡ ተከፈተና አንዲት ወጣት እናት አንገቷን አወጣች።

«ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ቆሎ ነው» አለች እማዬ።

ሴትየዋ ሶስና ትባላለች። መምህርት ናት፤ የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊም ነበረች። እማዬ ግን መጣራቷን አላቆመችም። መስከረም ላይ ሶስና ቤታችን መጣች።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ እንዳይቀየሙኝ። ነዋሪው ቅሬታ አለው። ልጅ የሚያስተኛ አለ፣ የታመመ አለ። በየበሩ ደወል አለ እኮ።»

«ደወል ለቤተ ክርስቲያን ነው የኔ እመቤት፤ ለጎረቤት አፍ አለ።»

ሶስና ፕሮቴስታንት ናት። ሳቋን እየዋጠች «እኛ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ደወል የለንም» አለች።

«እንግዲያማ ያንቺ ይብሳል፤ ጩኺ!»

የኮሚቴው ሊቀመንበር ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። በነዋሪው ስብሰባ ላይ «ሴትየዋ ዶሮ ማነቂያን እዚህ ይዛብን መጣች» አለ። እማዬ ብድግ አለች። «አዎ፣ ይዤ መጥቻለሁ። የት ላስቀምጠው?» አለችው። ወደ ቤት ስንወጣ እጄን ያዘችና «ዝም ካልኩ እውነትም ፈርሰናል» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከታች ጀምሬ እጣራ ነበር። የብሎኩ ልጆች «ቤቶች» የሚል ቅጽል ስም አወጡልኝ። እየጮኹ ሲጠሩኝ «ደጆች!» እላቸዋለሁ።

ከዚያ ኅዳር የሚታጠንበት፣ ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያቃጥልበት ቀን ደረሰ። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋቱን ቤት ነበርኩ። ጭስ በየቦታው ነው፤ ሰው መስኮቱን ዘግቷል። መብራት ጠፍቷል። ሶስና ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ነፋስ በሩን ዘጋባት። ቁልፉ ውስጥ ነው፤ የሦስት ዓመት ልጇ ተኝቷል፤ ቡታ ጋዙ ላይ ድስት ተጥዷል። ከመስኮቷ ጭስ ሲወጣ ያየ ሁሉ የኅዳር ጭስ መሰለው። ከበር በር እየሮጠች ደወል ተጫነች፤ ያለመብራት የሚጮኽ ደወል የለም። የየቤቱን የብረት በር ደበደበች፤ የሰማት የለም። እኛ ቤት የደረሰው ከደረጃው ሥር የመጣ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው።

«ቤቶ...ች!»

«ደጆች!» አለች እማዬ፣ በባዶ እግሯ እየሮጠች። የሆነውን ስትሰማ ደረጃው መሃል ቆማ በሙሉ ጉሮሮዋ ተጣራች። በሮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ያችን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። ሊቆጣት የወጣም ይኖራል፤ ግን ወጣ። ሊቀመንበሩ ዲጂኖ ይዞ እየሮጠ መጣና በሩን ገንጥሎ ከፈተው። ልጁ ከነብርድ ልብሱ ወጣ፣ እንቅልፉን እንዳልጨረሰ እየተነጫነጨ። ድስቱ ከሰል ሆኗል። ሶስና ልጇን አቅፋ ስታለቅስ እማዬ ጠጋ ብላ «ደወሉ እምቢ አለሽ?» አለቻት። ሶስና እያለቀሰች ሳቀች።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ከበራችን ውጭ የወንድ ድምፅ ተሰማ፤ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ሰው ቆፍጠን ያለ።

«ቤቶች! ዲጂኖዬን እዚህ ረስቼ ይሆን?»

ዲጂኖው እኛ ቤት አልነበረም። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ እኔ ጠቆመች። «ደጆች!» ያልኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ በዶሮ ማነቂያ በኩል ሳልፍ የግቢያችን በር የት እንደነበረ መለየት ያቅተኛል። መንገዱ ሰፍቷል፣ አበባ ተተክሏል። አንድ ቀን ቆሜ «ቤቶች!» ብል አበባ የሚያጠጣው ሰው ዞሮ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ሰላም ልላቸው ነው አልኩት። ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን በብሎካችን የተወለዱት ልጆች ዶሮ ማነቂያን በስም እንኳ ሳያውቁ በር አያንኳኩም፤ የብሎኩ ወግ ይመስላቸዋል። ስለዚህ እነዚያ ጓደኞቼ ይሳቁ። እኔም በራቸውን አላንኳኳም፤ «ደጆች!» እስኪሉ እጣራለሁ።

ዕቃችን ከዶሮ ማነቂያ ወጥቶ የካ አባዶ የገባው በሰኔ ነው። እኛ የደረስነው ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነው።