ስሟን የማይችል ቋንቋ

አማቴ የመጀመሪያ ልጃቸውን አንድም ቀን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ሳይሞቱ አንዴ ሊጠሯት ይፈልጉ ነበር። እኔ ይህን ያወቅኩት ቋንቋ እየፈጠርኩ ሳለ ነው። ቋንቋ መፍጠር ስል እንዳትስቁብኝ፤ እስካሁን የሳቀብኝ ሰው ይበቃኛል።

ዲላ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የተማሪ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ በመሀል በመሀል የራሴን መጽሐፍ እጽፋለሁ። መጽሐፉ ጉም ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። የትም የሉም፣ ከጭንቅላቴ ያወጣኋቸው ናቸው። ታዲያ ዕድሜ ልኩን ጉም ውስጥ የኖረ ሰው እንደ እኔና እንደ እናንተ ያወራል? በፍጹም! ስለዚህ ቋንቋ ሠራሁላቸው። ሲናገሩ ከንፈራቸው አይገጥምም፤ በ፣ መ፣ ፐ የሚባል ድምፅ የላቸውም። ወንድና ሴትም አይለዩም። ግሳቸው ግን ሦስት ጭራ አለው። “ኢራ” መምጣት ነው። የሚመጣውን በዓይንህ ካየኸው “ኢራሳ” ትላለህ። ድምፁን ብቻ ከሰማህ “ኢራኖ”። ሳታየውም ሳትሰማውም መምጣቱን ገላህ ካወቀው ደግሞ “ኢራሁ”። ይቺን ሦስተኛዋን ያገኘሁ ቀን ከወንበሬ ተነስቼ ጨፍሬአለሁ፣ እውነቴን ነው።

ቃሎቹን ጮክ ብዬ ካላልኳቸው አይጥሙኝም። አንዱ ተማሪ፣ “ጋሼ፣ ጂኒ እየጠራህ ነው እንዴ? በናትህ ቶሎ ፕሪንት አድርግልኝና ልውጣ” ብሎኛል። ባለቤቴማ ተስፋ ቆርጣለች።

አማቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከጨለለቅቱ ወደ እኛ ቤት የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ሲዳማ ተወልደው ጌዴኦ ያገቡ ሴት ናቸው። አማርኛቸው እንደ እኔ የጉም ሰዎች ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን ጢማሙን ሰውዬ “አንቺ” ይሉኛል። ጠዋት ከማሽኑ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ እስከ ማታ እዚያው ናቸው። እኔ ከራሴ ጋር ሳወራ እሳቸው ዝም ብለው ይሰሙኛል።

ውለው ሲያድሩ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ቡና አይሉም። ትንሽ ትልቁ ስለ ቡና በሚያወራበት በዚህ አገር፣ እሳቸው “ያ ቀዩ ፍሬ” ነው የሚሉት። ባለቤቴን ጠየቅኳት።

“የአያቴ ስም በ‘ቡ’ ነው የሚጀምረው” አለችኝ። በእናቷ ወግ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። በዚያ ድምፅ የሚጀምረውንም ቃል ሁሉ ትተወውና በሌላ ትተካዋለች። አያትየው ከሞቱ ቆይተዋል፣ አጥንታቸው እንኳ የት እንደደረሰ እንጃ። አማቴ ግን በሲዳምኛም በጌዴኦኛም በአማርኛም ያቺን ድምፅ ከአፋቸው አያወጧትም።

“እህቴንም እኮ…” ብላ ጀመረችና ተወችው። እኔ ነገር ከጀመሩልኝ መች እለቃለሁ! ወጥሬ ያዝኳት። ለካ ከእሷ በፊት የተወለደች፣ በአራት ዓመቷ የሞተች እህት ነበረቻት። ስሟን ያወጡት አያትየው ናቸው፣ ከራሳቸው ስም መነሻ ጋር አስማምተው። አባቷም ጎረቤቱም በስሟ ሲጠራት፣ እናቷ ብቻ “ትንሿ” ይሏት ነበር። ባለቤቴ ስሙን በጆሮዬ ነገረችኝ። “እኛ ቤት አይነሳም፤ አንተም እንዳታነሳው” ብላ አስጠነቀቀችኝ። እዚህም አልጽፈውም።

እኔ ጉደኛው በዚያች ሰዓት ምን አሰብኩ? ለመጽሐፌ የሚሆን ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። አሁን ሳስታውሰው በራሴ አፍራለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ጉም ወርዷል፣ መብራትም ጠፍቷል። ማሽኑ ዝም ብሏል። አማቴ በጓሮ በር ከሱቁ ጀርባ ወዳለው እንሰት እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ “ኢራሁ” አሉ።

ጆሮዬን አላመንኩም። “ምን አሉ እማማ?”

“ኢራሁ። አንቺ ያልሽው ነው። አይታይም፣ አይሰማም፣ ይመጣል።”

“ማን ነው የሚመጣው?”

በአገጫቸው ወደ እንሰቱ ጠቆሙኝ። እንሰቱን አየሁት። ንፋስ የሚባል የለም፤ አንድ ቅጠል ብቻ ለብቻው ይንቀጠቀጣል። በስመ አብ ብዬ በሩን ገጭ አድርጌ ዘጋሁት።

“ክፈቺው!” አሉኝ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ከፈትኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋንቋዬን ከእኔ በላይ ያዙት። ውሃ ሲፈልጉ በሱ፣ ሲደክማቸው በሱ። እኔ የምረሳውን ቃል ያስታውሱኛል። መጀመሪያ ኩራት አናቴ ላይ ወጣ፤ የመጽሐፌ የመጀመሪያዋ አድናቂ ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት መሆናቸውን ለስንቱ አወራሁ! ምኑን እንደወደዱት ስጠይቃቸው ግን ኩም አልኩ።

“በሌላው ሳወራ፣ እሾህ መሀል በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ነኝ” አሉኝ። “እዚህ ውስጥ እሾህ የለም።”

እውነታቸውን ነው። “ቡ” ለማለት ከንፈር መግጠም አለበት፤ የእኔ ሰዎች ከንፈር አይገጥምም። እኔ ለምናብ ሰዎች ብዬ የሠራሁት ቋንቋ፣ እሳቸው ሳይሰጉ አፋቸውን የሚከፍቱበት ብቸኛው ቦታ ሆኖላቸዋል። ያንን ካወቅኩ በኋላ ሳላቋርጥ እሰማቸው ጀመር።

በዚያው ሳምንት የልጅቷን ነገር ራሳቸው ነገሩኝ። የቀዩ ፍሬ ለቀማ ወቅት ነበር፣ ሰው ሁሉ ወደ ማሳ ወርዷል። በቀትር ጉም መጣና ደጁን ሸፈነው። ደጅ ስትጫወት የነበረችው ልጅ የለችም።

“‘ትንሿ! ትንሿ!’ እያልኩ ዞርኩ። እንሰቱ ውስጥ ኮቴዋን እሰማለሁ። ስጠጋ ይርቃል። ‘ትንሿ’ ብሎ ማንም ይጠራታል፣ ጉሙም ይጠራታል። ስሟ አይደለማ! ስሟ ምላሴ ላይ ነበር።” ጉሮሯቸውን ያዙ። “ዋጥኩት።”

አባቷ ደርሶ በስሟ ሲጣራ መሽቶ ነበር። ወንዝ ዳር አገኟት።

“ከዚያ ወዲህ ጉም ሲወርድ ትመጣለች። እስከ እንሰቱ ድረስ ነው። አልተጠራችማ፣ እንዴት ትገባለች?” አሉኝ። ቀጥለውም፣ “በአንቺ ቋንቋ ሩቅ ያለ ሰው እንዴት ነው የሚጠራው? ሳልሞት አንዴ ልጥራት” ብለው ለመኑኝ።

አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። “ኔላ” ልጅ ማለት እንደሆነ፣ ለመጥራት ደግሞ መጨረሻው ላይ “ሄ” ጨምረው እንዲስቡት አስተማርኳቸው። ያችን “ሄ” የፈጠርኩት እዚያው፣ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ነው።

ሕክምናቸው ሲያልቅ እኔው ልሸኛቸው ጨለለቅቱ ወሰድኳቸው። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረች አልመጣችም። ከመኪና ወርደን፣ በሞተር ተጉዘን ቤታቸው ስንደርስ ቀትር ነው፤ ጉሙ ግን ከእንሰቱ በላይ ያለውን ሁሉ ውጦታል። ገብተው አላረፉም። ነጠላቸውን አጠበቁና በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞሩ።

“ኔላሄ…!” ብለው ተጣሩ።

እንሰቱ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጥጃ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እርጥብ ቅጠል የሚረግጥ ትንሽ ኮቴ ነበር፤ ወደ እኛ ቀረበ፣ ቀረበና ቆመ።

“ኔላሄ…!” አሉ እንደገና። ምንም የለም። ደጋግመው ጠሩ፣ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ። ኮቴው ባለበት አንድ ሁለት ጊዜ ተራመደ፣ ከዚያ መራቅ ጀመረ።

አማቴ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መዓት እንዲህ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። “ይሄም ሌላ ስም ነው” አሉኝ። “የአንቺ ቋንቋ ስሟን አይችልም። እኔም አልችልም። አንቺ የሚከለክልሽ የለም፤ ጥሪያት።”

ቆሌዬ ተገፈፈ። የባለቤቴ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ። ብጠራትና ባትመጣ እሳቸው ምን ይሆናሉ? ብትመጣስ እኔ ምን እሆናለሁ? “እማማ፣ ይቅርብን፣ እንግባ” አልኩ። ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ኮቴው እየራቀ ነው።

ከንፈሬን ገጥሜ የልጅቷን ስም ጮህኩ።

ኮቴው ቆመ። ጠብታው እንኳ ከቅጠሉ መውረዱን የተወ መሰለኝ። ከእንሰቱ መሀል የሚያየን ነገር እንዳለ አወቅኩ። አማቴ ግን ያንን ስም ሲሰሙ፣ እሳቸው ያሉት እንዳይመስል ነው መሰለኝ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። እንባቸው በጣታቸው መሀል ይወርዳል።

“የወንድ ድምፅ ፈራች” አሉኝ በሹክሹክታ። “እኔን መስለሽ ጥሪያት።”

ድምፄን አቅጥኜ፣ እንደ እሳቸው ስቤ ጠራኋት። አማቴ ክንዴን ለቀቁኝና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ፣ ሮጦ የሚመጣ ልጅ ሊቀበሉ።