ከሻፍቱ አልላቀቅ ያለው ፓምፕ

ሸሪካት ሰፈር ባለው የመኪና ማጠቢያዬ፣ በቤንዚን የሚሠራውን የማጠቢያ ማሽን ፓምፕ እየቀየርኩ ነበር። አራቱን ብሎኖች ፈታሁ፤ ፓምፑ ግን በዝገት ከሚያሽከረክረው የሞተሩ ዘንግ፣ ከሻፍቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። ተራ የሚጠብቅ ሾፌር «ዱጉ! ዱጉ!» አለኝ፣ በአገሩ ዓረብኛ ምታው ማለቱ ነው።

የዝገቱና የቤንዚኑ ሽታ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ መለሰኝ። ባደግኩበት ቡሉክ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አባቴ እንዲሁ የተጣበቀ ፓምፕ በከባድ መዶሻ ይደበድባል። በያንዳንዱ ምት ሞተሩ ከተቀመጠበት ሳንቃ ይዘላል።

«አባዬ፣ ዘይት አፍስሰንበት ትንሽ ብንጠብቅስ?» አልኩት።

«ዝም በል!»

ደግሞ መታው። ሻፍቱ ተጣመመ። መኪና እያጠብን የምንበላበት ሞተር ከእንግዲህ እንደማይሠራ ሁለታችንም አየን። አባቴ የማጠቢያውን የውሃ ጎማ አንስቶ ወደ እኔ ዞረ። የጎማው የነሐስ ጫፍ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ እሱ ግን ደጋገመኝ። ያቆመው እናቴ ሮጣ መጥታ በላዬ ስትደፋ ነው።

«ልጁን ልትገድለው ነው?» አለችው።

ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «እኔንስ ማን በዘይት አሳደገኝ?» አላት። እኔ የሞተር ዘይት መስሎኝ ግራ ገባኝ፤ እሱም በዱላ እንዳደገ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዱጉ እንጂ!» አለ ሾፌሩ እንደገና።

ወደ ታች ሳይ መዶሻው እጄ ላይ ነው፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ለሾፌሩ ሰጠሁትና፣ «በዘይት አላቅቄ እስክጨርስ ከእኔ አርቀህ ያዝልኝ» አልኩት።