የጥግ ኮምፒውተሩ ደንበኛ

ኢንተርኔት ቤቱን የያዘችው ሴት ሰውየውን የምታውቀው በኮቱ ነው። ቢሮ የገባ ይመስል ኮቱን ወንበሩ ላይ ይሰቅልና ኪቦርዱን በመሐረብ ይጠርጋል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ የጫማው ተረከዝ ግን ባንድ ጎኑ አልቋል። ሥራ ካመለከተባቸው ድርጅቶች አንዱም አልመለሰለትም። ሚስቱ ስትደውል፣ «ኢሜይላቸው ተበላሽቶ ነው እኮ» ሲላት ሴትዮዋ ሰምታዋለች።

ዛሬ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ሲጽፍ አረፈደ። «የድርጅቶቹን ኢሜይል የሚቀበለውን ሰርቨር ይፈልጋል፤ የጠፋውን አልተገኘም ይለኛል» አላት።

ፕሮግራሙ ግን ይሉኝታ አያውቅም። የሁሉንም ሰርቨር ስም ከነአድራሻ ቁጥሩ ዘረገፈው። አንድም የጠፋ የለም፤ የሁሉም ኢሜይል ይሠራል።

«ሠራልዎት እኮ ጋሼ!» አለች ደስ ብሏት።

ሰውየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አንገቱን እንደደፋ፣ «እህቴ፣ የኢንተርኔቱን ኬብል ላንድ አፍታ ትነቅይልኛለሽ?» አላት።

«ለምን?»

«ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ላሳያት።»

«አልተገኘም» የሚለውን ቃል ራሱ ቢጽፈው አንድ መስመር አይፈጅበትም ነበር። ፕሮግራሙን ማስዋሸት ግን እጁ እምቢ አለው።

ሴትዮዋ ነቀለችለት። ፕሮግራሙን አስነሳና ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች «አልተገኘም» ሲል በስልኩ ፎቶ አነሳው። ኬብሉን መልሳ ስትሰካ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ኮቱን ለበሰ፤ ግን አልሄደም። ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳና ስሞቹ ከነቁጥራቸው ተመልሰው እስኪመጡ ድረስ ጠበቀ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ቆሞ።